ከበሩ ሰባተኛ

የጤና መኮንኑ የመዝጊያውን የእርሳስ ማኅተም በጉጠት ጨፍልቆ እጁን ገና ሳያነሣ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ፉርጎው አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተንገጫገጨ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ተፈናጠረ፤ ሃያ አራቱ የአጽም ሣጥኖችም ባንድነት ተንቋቁ። መኮንኑ ከሐዲዱ ዳር እየሮጠ፣ «ደንቡን አትርሱ! እስክትደርሱ ማንም አይከፍት፣ ማንም አይወርድ!» ሲል ተሰማ። ቢረሱትስ ምን ሊያመጡ? መዝጊያው የታሸገው ከውጭ ነው።

ሣጥኖቹ በግራና በቀኝ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነው ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው የቀረችው መተላለፊያ ሰውን በጎኑ ካልሆነ አታሳልፍም። በስተቀኝ፣ ሰባት ቁጥር በሽቦ የታሰረበትን ሣጥን በክንዷ አቅፋ የተቀመጠችው የመዝጋቢው አክስት ናት። በስተግራ ከአሥራ ስምንት ቁጥር ጎን ሽማግሌው ሃምሳ አለቃ ተቀምጠዋል። ሃምሳ አለቃው ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት አልፏቸዋል፤ ካፖርታቸው ግን ገና ሥራ ላይ ነው። ሣጥኖቹን የሠራው አናጢ መዝጊያው ሥር የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ጉብ ብሏል። መዝጋቢው ራሱ ከጥግ፣ በብረት ፍርግርግ ከተዘጋችው የእጅ ስፋት መስኮት ሥር፣ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይተነፍሳል። አየር የምትገባው በዚያች ብቻ ናትና ቦታው በዕድሜ ሳይሆን በማዕረግ የተሰጠው ነው፤ ያፍርበት ነበር።

«ለእኚህ ሰውዬ ንገራቸው» አለች አክስቱ፣ ባቡሩ ገና ከከተማው ሳይወጣ። «እግራቸውን ወደዚህ እንዳይዘረጉ።»

«ሃምሳ አለቃ፣ እትዬ እግርዎን…»

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉ ሃምሳ አለቃው፣ ያልዘረጉትን እግር እየሰበሰቡ።

ነገሩ የቆየ ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ያ ወረርሽኝ ከተማዋን ጠራርጎ በወሰደበት ክረምት፣ በበሽታው የሞተ ሁሉ በአንድ ቅጥር ውስጥ እንዲቀበር፣ በላዩም ምልክት የሚባል ነገር እንዳይደረግ በአዋጅ ታዘዘ። ድንጋይ ቢቆም ሰው ይሰበሰባል፣ ሰው ቢሰበሰብ በሽታው ይዛመታል ተባለ። የአክስቱ ታናሽ እህት፣ የመዝጋቢው እናት ማለት ነው፣ በተቀበረች ማግሥት አክስቱ ጭብጥ የምታህል ድንጋይ በሻርፗ ሥር ደብቃ መጣች። እሷን ብቻ ላስቀምጥ ብላ ለመነች፣ መሬት ላይ ተንበረከከች። በር ላይ የቆመው ወታደር ዓይኑን ከሩቅ ነገር ላይ ሳያነሣ በሩን ዘጋባት። ወታደሩ በማዕረግ አድጎ አድጎ ሃምሳ አለቃ ሆነ፤ እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በቀጥታ ቃል ተናግራው አታውቅም።

ምልክት የተከለከለ ዘመድ ምን ያድርግ? ቆጠረ። አሥራ ሁለቱ ረድፎች ከበሩ መንገድ ተነሥተው እስከ ኋላው ግንብ የሚዘልቁ፣ እያንዳንዳቸውም ሃያ አራት ሰው የያዙ ነበሩ፤ ሁሉም የሟቹን ረድፍና ከበሩ ስንተኛ መሆኑን በልቡ ያዘ። የመዝጋቢው እናት አሥራ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከበሩ ሰባተኛ። አክስቱ ገና አፉን ሳይፈታ ይህንኑ ስታስጠናው ኖራ፣ ሕፃኑ ስምህ ማነው ሲሉት «አሥራ ሁለት፣ ሰባት» እያለ ይመልስ ነበር። ቁጥሬ የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው፤ ሌላ ስም የነበረው መሆኑን የሚያስታውሰው የደመወዝ ወረቀቱ ብቻ ነው።

እነሆ ደግሞ አዲሱ ባቡር ጣቢያ በዚያ ቅጥር ላይ ሊቆም ተወሰነና አጽሙ ሁሉ ወደ ኮረብታው ይዛወር ተባለ። ቁጥሬ ሁለት ዓመት ቤት ለቤት ዞረ። አልጋ ላይ ያሉ አሮጊቶችን፣ አንደበታቸው የተያዘ ሽማግሎችን ጠይቆ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ሙታንን ከሰው ልብ ወደ መዝገብ አወጣ። ከተማው መረቀው። የማዛወሩ ሥራ አዛዥ የሆነው ሻለቃ እንኳ በሰው ፊት እጁን ጨበጠው። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ የተመረቀ ሰው ቁፋሮው ከተጀመረ ጀምሮ አንድ ቀን ከቅጥሩ በር አልፎ አልገባም። ድንኳኑን በሩ ላይ ተክሎ፣ ጠረጴዛውን ዘርግቶ፣ በየረድፉ ሃያ አራት የቆርቆሮ ቁጥር በሽቦ ሰክቶ ለቆፋሪዎቹ አለቃ እየሰጠ እዚያው ይቀመጣል። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። የእናቱን አጥንት አየዋለሁ ብሎ ፈርቶ ነው። መልኳን አያውቅም፤ የመጀመሪያ ትውውቃቸው እንዲህ እንዲሆን አልፈለገም።

«ሰማሽ?» እያለች ነበር አክስቱ ለሣጥኑ፣ በሹክሹክታ፤ ግን ፉርጎ ውስጥ ሹክሹክታ የሚባል ነገር የለም። «ባቡር ተሳፈርሽ እኮ። እኔም ዛሬ ነው የተሳፈርሁት። ልጅሽም እዚሁ አለ፤ መንግሥት መዝገብ ያስያዘው ትልቅ ሰው ነው። ትንሽ ከስቷል፤ እሱን አታንሺበት።»

ፊቷ የወጣት ፊት መስሏል። ቁጥሬ አክስቱን እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም። ዕድሜ ልኳን ስትሸከመው የኖረችውን ነገር ዛሬ ጠዋት አውርዳው ያረፈች ትመስል ነበር።

አናጢው ዝም ብሎ መሄድ የማይሆንለት ሰው ነው። «እኔ የምለው ቁጥሬ» አለ፣ «ወገቤን ቆርጣችሁ ልትጥሉት ነበር እኮ። ቆፋሪዎቹ አንዱን ረድፍ ከበሩ ጀምረው ግንቡ ጋ ይጨርሳሉ፤ ሌላውን ደግሞ ከግንቡ ጀምረው ወደ በሩ። ሣጥኖቼን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስጎትት ስድስት ሳምንት ሆነኝ።»

ቁጥሬ የመዝገቡን ገጽ እየገለጠ ነበርና እጁ ቆመ። «ከግንቡ ጀምረው?»

«ታዲያ! እንደ እርሻ በሬ ነዋ፤ ትልሙን ጨርሶ እዚያው ይዞራል። ግንቡ ሥር የጨረሰ ቆፋሪ ባዶ አካፋ ተሸክሞ ሃያ አራት መቃብር ያህል ወደ በሩ ይመለሳል እንዴ? ብልህ ሰው ነው አለቃቸው፤ ጊዜ ቆጠበላችሁ።»

«ቁጥሮቹንስ? እኔ የሰጠሁትን የቆርቆሮ ቁጥሮች?»

«ያው ከላይ እየመዘዙ ያስራሉ። መጀመሪያ ለወጣው አንድ፣ ቀጥሎ ለወጣው ሁለት።» አናጢው በዚህ ውስጥ የሚያስጠይቅ ነገር አላየም። «አንተ እኮ ነህ በተራ የሰካኸው።»

የቁጥሬ ጣቶች ሳያዛቸው ጉልበቱ ላይ መቁጠር ጀመሩ። መጀመሪያው ረድፍ ከበሩ። ሁለተኛው ከግንቡ። ሦስተኛው ከበሩ። አራተኛው ከግንቡ። አሥራ ሁለተኛው… ከግንቡ። ከግንቡ ሲቆጠር ሰባተኛ የሚወጣው ከበሩ ሰባተኛው አይደለም፤ ከበሩ አሥራ ስምንተኛው ነው። ከበሩ ሰባተኛው ደግሞ ግራ ላይ ነው፣ የአሥራ ስምንት ቁጥር ቆርቆሮ ታስሮበት፣ የሃምሳ አለቃው መዳፍ ተጭኖበት።

አይሆንም አለ በልቡ። አናጢው ወሬ ሲያደምቅ ነው።

«ለነገሩ ይኼ ረድፍ አስቸጋሪ ነበር» ሲል ቀጠለ አናጢው፣ ወደ አክስቱ እያመለከተ። «ይኼ የእርስዎ ሰባት ቁጥር፣ የጭን አጥንቱ አልገባ ብሎኝ ሣጥኑን በስንዝር አስረዘምሁት። መቼም ቁመት ነበራቸው።»

አክስቱ ሳቀች። «እህቴ? የእኔ እህት ከትከሻዬ አትደርስም ነበር። ከመደርደሪያ ዕቃ ማውረጃ በርጩማ ነበራት እኮ።» ከዚያም ሣጥኑን መታ መታ አድርጋ፣ «አፈር ውስጥ አደግሽ እንዴ?» አለች።

ሃምሳ አለቃው ቀና አሉ። በዚያው ወረርሽኝ ሞቶ ከበሩ አሥራ ስምንተኛ የተቀበረው ልጃቸው በሃያ ዓመቱ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ረጅም ጎረምሳ እንደነበረ ቁጥሬ ያውቃል። ከእሳቸው አፍ ሰምቶ በገዛ እጁ መዝግቦታል።

ባቡሩ ድንገት ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ተንፏቀቀና ቆመ። ከፊት ድንጋይ የጫነ ባቡር እስኪያልፍ ከዋናው ሐዲድ ወጥተው በጎን ሐዲድ ላይ መጠበቅ ነበረባቸው። ሩብ ሰዓት ተብሎ የነበረው ሁለት ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጣጣ ጀመር፤ ትኩስ የጣውላ ሽታና የአሮጌ አፈር ሽታ ፉርጎውን ሞላው። አናጢው መዝጊያውን ሁለት ጊዜ በቡጢ ደበደበ፤ ከውጭ የመለሰለት የለም። ሃምሳ አለቃው ኮዳቸውን ከካፖርታቸው አውጥተው ለቁጥሬ አቀበሉትና በዓይናቸው ወደ አክስቱ ጠቆሙ።

«ለእኚህ ሰውዬ፣ አልጠማኝም በላቸው» አለች ከንፈሯ ደርቆ።

ቁጥሬ ኮዳውን ሲመልስ ሽማግሌው እጁን ያዙት። ጠጋ ብለው፣ የሚለማመጥ ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ «ልጄ» አሉት፣ «አንድ ነገር ብጠይቅህ አትቀየመኝም? እርግጠኛ ነህ አይደል? እሱ ነው?»

«አዎ ሃምሳ አለቃ» አለ ቁጥሬ። «እሱ ነው።»

«እግዜር ይስጥህ» አሉት። ከዚያም ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ግንባራቸውን በሌላ ሰው አጥንት ላይ ደፉ። በቁጥሬ እናት ላይ።

ቁጥሬ ወደ ጥጉ ተመለሰ። አሁን ፉርጎው የጠበበው እንዳይመስላችሁ፤ ፉርጎው ያው ነው፣ የጠበበው እሱ ነው። ከበሩ አልፎ ቢገባ ኖሮ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ ቆፋሪዎቹ ከግንቡ ሲጀምሩ ያይ ነበር። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው፣ ስምንተኛው፣ አሥረኛው ረድፍ ኮረብታው ላይ በሲሚንቶ ታሽገዋል። መቶ ሃያ ሰው። በእያንዳንዱ ላይ የተሳሳተ ስም በድንጋይ ተቀርጾ፣ በእያንዳንዱ ፊት አንድ ቤተሰብ ተንበርክኮ አልቅሷል። እያለቀሱም መዝጋቢውን አመስግነዋል። ሐሙስ ሚኒስትሩ መጥተው አዲሱን መቃብር ይመርቁታል። ዛሬ ሰኞ ነው። ቢናገር ሻለቃው በቁሙ ይቀብረዋል፣ ከተማውም ይረግመዋል፤ ዝም ቢል አክስቱ ሞታ እስክትቀበር ድረስ ለማታውቀው ጎረምሳ ስታለቅስ ትኖራለች፣ ደስ ብሏት።

አናጢው አጠገቡ ተንሸራቶ መጣ። ወሬኛ ይሁን እንጂ ሞኝ አልነበረም፤ የቁጥሬን ጣቶች ሲያይ ቆይቷል። «ተገልብጧል አይደል?» አለ በጆሮው። ቁጥሬ ራሱን ነቀነቀ። አናጢው ፒንሳውን ከመሣሪያ ሣጥኑ አውጥቶ እጁ ላይ አኖረለት። «ሽቦ ነው የታሰረው፤ ምስማር አይደለም። አንድን ከሃያ አራት፣ ሁለትን ከሃያ ሦስት እየለዋወጥህ እሰር። ይኼ ረድፍ ይቃናል። እናትህ ከነስሟ ትገባለች። ማን ያውቃል?»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩት አልጠየቁህም፣ አልነገርካቸውም።»

ቁጥሬ እምቢ አላለም። ይህን ልንደብቅለት አንችልም። በመተላለፊያዋ በጎኑ ገባና የሰባት ቁጥርን ሽቦ በፒንሳው ነክሶ ጠመዘዘ። የጣሪያው መንጣጣት ድምፁን የሸፈነለት መስሎት ነበር።

«ምን ትነካካለህ?» አለች አክስቱ፣ ከእንቅልፏ እንደነቃ ሰው።

«ላልቷል እትዬ። ላጥብቀው ብዬ ነው።»

«አልላላም። ስዳብሰው ነው የዋልሁት።» እጁን አየች፣ ፒንሳውን አየች፣ ቀጥላ ፊቱን አየች። «ቁጥሬ። እኔ ነኝ ያሳደግሁህ።»

አለቀለት። መተላለፊያዋ ላይ ተቀመጠ፤ እንደ ልጅነቱ ያለ ሥርዓት፣ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ መጀመሪያው እየተናዘዘ ነገራት። ከግንቡ መጀመራቸውን፣ ሰባትና አሥራ ስምንት መለዋወጣቸውን፣ ድንኳኑን፣ ፍርሃቱን። ሲጨርስ ሃምሳ አለቃው እጃቸውን ከአሥራ ስምንት ቁጥር ላይ ቀስ ብለው አንሥተው፣ የት እንደሚያስቀምጡት ጠፍቷቸው፣ አየር ላይ ይዘውት ነበር።

አክስቱ ሣጥኑን አልለቀቀችም። ቁጥሬ ጥፊ ጠብቆ ነበር፤ ጥፊ ቢሆን ይሻለው ነበር። «ይኼ ረድፍ ብቻ ነው?» አለች።

«…ስድስት ረድፍ። አምስቱ ተቀብረዋል።»

«ልብስ ሰፊዋ» አለች አክስቱ። «ባሏ ስድስተኛው ረድፍ ነው። ያን ጊዜ ደግፌ ያስለቀስኳት እኔ ነኝ። በመጨረሻ አገኘሁት ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።» ወደ ቁጥሬ ዞረች። «አንተ እኛን አቃንተህ እሷን እንዲያ ልትተዋት ነበር? ነገ መንገድ ላይ ሳገኛት እንዴት አድርጌ ነው ደህና አደርሽ የምላት? በየትኛው ዓይኔ?»

«የማንንም አጥንት መንካት አያስፈልግም» አለ ቁጥሬ፣ ራሱ ከሚያስበው ፈጥኖ። «የስም ድንጋዮቹን ብቻ ነው ማዛወር። የመጀመሪያውን ወደ መጨረሻው። ግንበኛ ካለ የሦስት ቀን ሥራ ነው። ግን ሻለቃው…»

«ጻፈው» አሉ ሃምሳ አለቃው።

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው።

«በቃል የነገርከው ነገር ሻለቃ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። እኔ ሻለቆችን አርባ ዓመት አውቃቸዋለሁ። ጻፈው፣ እኛ እንፈርምበት።»

ባቡሩ እንደገና ሲንቀሳቀስ ቁጥሬ ጽፎ አልጨረሰም ነበር። ብዕሩ በየንቅንቁ እየዘለለ ፊደሉን አበላሸበት፤ ቢሆንም ምን ተሠራ፣ እንዴት ተሳሳተ፣ ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን በሦስት አንቀጽ መዝገቡ ላይ አሰፈረ። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው አጭሩ ነበር። አክስቱና ሃምሳ አለቃው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ፤ አናጢው ፊርማውን አሳምሮ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። የመዝገቡ ገጾች የመንግሥት ማኅተምና ተራ ቁጥር ያለባቸው ናቸው። አንዱ ቢጎድል መዝጋቢው ራሱ ምክንያቱን ጽፎ መፈረም አለበት፤ አለዚያ መዝገብ ቤቱ አይረከበውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኮረብታው ላይ ደረሱ። ማኅተሙ ተቆረጠ፣ መዝጊያው ተንሸራቶ ተከፈተ፣ ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋቸው። ሻለቃው ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል፤ ከኋላው ግንበኞቹ ሲሚንቶ አቡክተው ይጠብቃሉ፣ የአሥራ ሁለተኛው ረድፍ የስም ድንጋዮችም በተራ ተደርድረዋል።

«ስንት?» አለ ሻለቃው።

«ሃያ አራት፣ ክቡር ሻለቃ። ግን ሣጥኖቹ ሳይወርዱ ይህን ያንብቡልኝ።»

ሻለቃው ቆሞ አነበበ። መጀመሪያ በችኮላ፣ ቀጥሎ በዝግታ፣ በመጨረሻም ፊቱ ዓመድ መስሎ። ግንበኞቹን በእጁ ምልክት አራቃቸውና አንድ እግሩን ፉርጎው ላይ አወጣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እንዲያውም አዘነላቸው።

«እሺ። ሰው ይሳሳታል» አለ። «የዛሬውን ረድፍ እናንተ እንደምትሉት አቃንታችሁ አስገቡ፤ እኔ አላየሁም። የተቀበረው ግን ተቀብሯል። ሐሙስ በሚኒስትሩ ፊት መቶ ሃያ ድንጋይ የተነቀለበት ግድግዳ አላሳይም። ይህን ገጽ ቀድደህ ስጠኝ፣ ቀለም ፈሶበት ነው ብለህ ፈርም፣ ከዚያ ውረዱ።»

«ካልሆነስ፣ ጌታዬ?»

«ካልሆነማ ፉርጎው አልደረሰም። በጤና ደንቡ መሠረት የተጠረጠረ ፉርጎ ከነሰዎቹ አራት ቀን ታሽጎ ይቆያል። ምግብና ውሃ ይላክላችኋል። ከዚያ በኋላ መዝገብህን ይዘህ ወደፈለግህበት ሂድ፤ ግን መዝጋቢ ሆነህ አይደለም። ወይ አራታችሁም ትወርዳላችሁ፣ ወይ አራታችሁም ትቆያላችሁ።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?» አለ አናጢው ሳያስበው። ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ ቁጥሬ ያውቃል። ዓይኑን ከአናጢው ላይ ማንሣት አቃተው። ለራሱ ቢሆን ምናልባት ይደፍር ነበር። የእነዚህን ሦስት ሰዎች አራት ቀን ግን ከየት አምጥቶ ይሰጣል? የአክስቱ ከንፈር ተሰንጥቋል። ሃምሳ አለቃው ሰባ ዓመታቸው ነው። ገጹ በጣቶቹ መካከል ነበር፤ ጥጉ እንደታጠፈ ተሰማው።

«እኔን አትየኝ» አለ አናጢው ቀጥሎ፣ በቁጣ ማለት ይቻላል። «ፊርማዬን ሁለት ጊዜ ያሰመርሁበትን ልትቀድ ነው?»

ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃው ተነሡ። ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ በዚያች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የቻሉትን ያህል ቀጥ ብለው ቆሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለማዕረግ ሲቆሙ እንደኖሩት ነው የቆሙት። ዓይናቸው ግን ሩቅ ነገር ላይ አልነበረም፤ ሻለቃውን ፊት ለፊት ያይ ነበር።

«አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ተቀብዬ በር ዘግቻለሁ፣ ጌታዬ» አሉ። «ልጄም እዚያው ውስጥ ነበር። በሩን የዘጋሁት በእሷ ላይ ብቻ አልነበረም። እኔም አንዲት ጠጠር አላስቀመጥሁለትም። ልጅዎን ቀብረው፣ ተመልሰው በሩ ላይ ቆመው ያውቃሉ?» ወደ መዝጊያው አመለከቱ። «ይዝጉት።»

ሻለቃው ወደ አክስቱ ዞረ። እሷ የምታየው ሻለቃውን አልነበረም፣ ሃምሳ አለቃውን ነበር።

መዝጊያው ተንሸራትቶ ገጠመ። ብርሃኑ ጠበበ፣ ክር አከለ፣ ጠፋ። ከውጭ ሽቦው ሲጠመዘዝ፣ ማኅተሙ ሲጨፈለቅ፣ ባቡሩ ወደ ኋላ ሊመልሳቸው ሲያፏጭ ተሰማ። ቁጥሬ መዝገቡን ዘጋው። ገጹ ውስጡ ነበር።

አክስቱ ሣጥኑን ተደግፋ ተነሣች። ሃምሳ አለቃው ቦታ ሊለቁላት ከአሥራ ስምንት ቁጥር ጎን ወጡ፤ መተላለፊያዋ መካከል ሲደርሱ ሁለቱም በጎን መዞር ነበረባቸው፤ ደረት ለደረት፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ። እዚያ ቆመች። ቁጥሬ ንገራቸው እስክትለው ጠበቀ።

«ሃምሳ አለቃ» አለች፤ ራሷ፣ ለራሳቸው። «አይጨነቁ። ልጅዎን ከጠዋት ጀምሮ አቅፌው ነው የመጣሁት። ብቻውን አልነበረም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰባት ቁጥር ዘርግተው፣ ሣጥኑ የሞቀበትን፣ የእሷ ክንድ የነበረበትን ቦታ በመዳፋቸው አገኙትና እንባቸው ወረደ።

አክስቱ ከአሥራ ስምንት ቁጥር ጎን ተቀመጠች። ሻርፗን አስተካከለች፣ አጠገቧ ያለውን ጣውላ በእጇ ጠራረገች።

«ቁጥሬ» አለችው። «ና። ከበሩ ግባ።»

መዝገቡን ለአናጢው ሰጠና ወደ እናቱ ሄደ።